«የቋንቋ ሁሉ ሥሩ አንድ ነው» ማለት እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ የአማርኛ ቋንቋ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የዓለም ቋንቋዎች በሙሉ ከሥር አንድ ሰዋስው ይጋራሉ የሚለው ሐሳብ ልቤን ወስዶታል። በሥነ ልሳን ሁለተኛ ዲግሪ መቀጠል እፈልጋለሁ። አጎቴ ግን «ይህ እንጀራ አይሆንሽም» ይላሉ።

መልስ፦ አጎትሽ ግማሹን ልክ ናቸው። «የንድፈ ሐሳብ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል የሥራ ማስታወቂያ እኔም አላየሁም። ደመወዝ የሚያስገኘው ሐሳቡ ሳይሆን እርሱን ስትፈትኚ የምታዳብሪው ችሎታ ነው፤ ንግግር ቀርጾ መጻፍ፣ ቃልን መበተን፣ የተዘበራረቀ መረጃ ውስጥ ሥርዓት መፈለግ። መዝገበ ቃላትና መማሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጁ፣ አማርኛን ለኮምፒውተር የሚያለማምዱ ሰዎች ይህ ችሎታ ያስፈልጋቸዋል።

ሐሳቡን ግን እንደ ሃይማኖት አትያዢው። የሥነ ልሳን ሊቁ ኖአም ቾምስኪ ሕፃን የሰዋስውን መሠረት ይዞ ይወለዳል ይላል። ሌላው የሥነ ልሳን ሊቅ ጆሴፍ ግሪንበርግ ደግሞ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ሠላሳ ቋንቋዎችን አስተያይቶ 45 የጋራ ደንቦችን አወጣ። ከእነዚህ አንዱ፣ ግስን መጨረሻ ላይ የሚያሳርፉ ቋንቋዎች መስተዋድድን (እንደ «ከ» እና «ውስጥ» ያለውን) ከስም በኋላ ማድረግ ያዘወትራሉ ይላል። አማርኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል፤ ግን እስቲ «ከቤቱ ውስጥ» በዪ፤ «ከ» ከፊት፣ «ውስጥ» ከኋላ! ግሱን ማስቀደም የሚወደው ግእዝ ግን «በ»ን እና «ለ»ን ከስሙ ፊት ብቻ ያደርጋል። ተመራማሪዎቹ ኢቫንስና ሌቪንሰን በ2009 (እ.ኤ.አ.) የጋራ ደንብ የሚባለው ተረት ነው ብለው ተነሥተዋል፤ ክርክሩ አልበረደም። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ የሁለቱንም ወገን መከራከሪያ ማወቅ አለብሽ።

ከማመልከትሽ በፊት አሥር ገጽ ጽሑፍ አዘጋጂ። ርእስ ፍለጋ አዲስ አበባ አትሂጂ። ግስ ያወረዱ (የግእዝን ግስ ከነእርባታው ያጠኑ) የቅኔ መምህራን እዚያው አጠገብሽ አሉ። ቅማንትኛም አለ፤ የሚናገሩት ጥቂት አረጋውያን ናቸውና ጊዜ አይሰጥም። ከአንድ አባት ፈቃድ ጠይቀሽ መቶ ዓረፍተ ነገር ቅረጪ፣ ግሱና መስተዋድዱ የት እንደሚውሉ መዝግቢ። ቡና ይዘሽ መሄድሽን አትርሺ፤ ባዶ እጁን የመጣ ጠያቂ መቶውን አያገኝም። ጎን ለጎን አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ተማሪ። ይህን የዘለሉ ጎበዝ ምሩቃን በር ላይ ሲቀሩ አይቻለሁ።

የትምህርት ወጪሽን የሚሸፍን ካላገኘሽ፣ ሁለት ዓመት አስተምረሽ ብትቀጥዪ ምንም አይቀርብሽም። አሥሩን ገጽ ስትጨርሺ መጀመሪያ ለአጎትሽ አንብቢላቸው። ካልገባቸው እንደገና ጻፊው።