«እሺ ልጄ» ብለው ይሄዳሉ፣ ክኒኑ ግን እንዳለ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጤና ጣቢያ የደም ብዛትና ስኳር ክትትል ላይ የምሰራ ነርስ ነኝ፣ ገና አንድ አመቴ ነው። ወደ 70 የሚጠጉ አንድ እናት አሉ፣ ሳስረዳቸው «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብለው መርቀውኝ ይሄዳሉ፣ በወሩ ሲመጡ ግፊታቸው 180 በ100፣ ክኒኑም ግማሹ እንዳለ ነው። ባለፈው አልሰሙኝም ብዬ ጮክ ብዬ ስነግራቸው ልጃቸው ምን ያስጮህሻል ብላ ተቆጣችኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሲስተር፣ ያቺ «እሺ» እኮ ገባኝ ማለት አይደለችም፣ ጨዋነት ናት። አልገባኝም ካሉ አንቺን ያሳፈሩሽ ይመስላቸዋል፣ እንዴት ዋሉ ስትያቸውም ጉልበታቸው እየቆረጠማቸው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ፣ ሰላምታሽን መለሱ እንጂ ስለ ህመማቸው ገና አልጀመሩም። ሰላምታው ይለቅና «ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል? ማታ ስንቴ ይነሳሉ?» እያልሽ ጠይቂ። ገባዎት ወይ የሚለውን ተይው፣ «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ፣ ቤት ሲገቡ ይቺን ክኒን እንዴት ነው የሚወስዷት?» በያቸውና ሲያወሩ ስሚ፣ የተሳተው እዛ ላይ ይወጣል።

ለምን እንደማይወስዱ ደግሞ ሳትቆጪ ጠይቂ፣ ከተቆጣሽ በሚቀጥለው ይደብቁሻል። እኔ የማውቃቸው አንድ እናት የሚያሸናውን ክኒን እሁድ እሁድ አይነኩትም ነበር፣ ለካ ቅዳሴ መሀል ሽንት እየመጣባቸው ነው፣ ይሄን ደግሞ ለልጅ እግር ነርስ መናገር ያሳፍራል። ሀኪሙ ከቅዳሴ መልስ ይውሰዱት አለ፣ አለቀ። ፆም ሲገባ ወይ ጠበል ሲጀምሩ ጭራሽ የሚያቆሙ አሉ፣ ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊት ክኒን ደረቅ ሳል አምጥቶባቸው ለማንም ሳይናገሩ የተዉም አሉ።

ጩኸቱን በተመለከተ ልጅቷ ልክ ናት (አትቀየሚኝ)። እድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚከዳው ቀጭን ድምፅ ላይ ነው፣ ስንጮህ ደግሞ ድምፃችን ይቀጥናል፣ ስለዚህ ቁጣው ይሰማቸዋል ቃሉ አይሰማቸውም። ፊት ለፊት ተቀመጪ፣ አፍሽን ይዩት፣ ወፈር አርገሽ ዘግየት እያልሽ አውሪ። ጆሯቸው ኩክ ሞልቶት እንደሆነም ይታይላቸው።

ልጅቷንም ያዣት፣ ክኒኑን የምታስታውሳቸው እሷ ናት፣ ግን ወሬውን ከእሳቸው ጀምሪ፣ እሳቸው እዛው ቁጭ ብለው «እናትሽ ይወስዳሉ?» ሲባል ደስ አይልም። «ማዘር» የሚሉት ነገር ደግሞ ለኔ አይዋጥልኝም፣ ማን ብዬ ልጥራዎት ብትያቸው ራሳቸው ይነግሩሻል።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ በያቸው፣ የጎረቤት ክኒን ሁሉ ልታገኚ ትችያለሽ።