ከውሃው እስከ ዓሣው ያለውን አትዝለይ

ውድ እህቴ፣ ባዮሎጂ ተመርቀሽ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ሜርኩሪና ሌሎች ብረታ ብረቶች በሐዋሳ ሐይቅ ደቂቅ ፍጥረታት በኩል እንዴት እንደሚዘዋወሩ ማጥናት እንደምትፈልጊ ጽፈሽልኛል። አጎትሽ «በዓይን የማይታይ ነገር እንጀራ አይሆንም፤ ባንክ ግቢ» ይሉሻል። ጓደኞችሽ ደግሞ «ደቂቁን ተዪው፤ ውሃና ዓሣ ለክተሽ ቶሎ ጨርሺ» ብለውሻል።

ያሳሰበኝ የጓደኞችሽ ምክር ነው። ውሃና ዓሣ ብቻ የለካ ሰው መነሻና መድረሻውን ያውቃል፤ ነገሩ የሚወሰነው ግን መሃል ላይ ነው። አልጌና ባክቴሪያ ሜርኩሪውን ከውሃው ይወስዳሉ፤ እነርሱን ፕሮቶዞአ የሚባሉ ባለ አንድ ሴል ፍጥረታትና ጥቃቅን እንስሳት ይበሏቸዋል። በተበላው ሴል ሽፋን ላይ የተጣበቀው ሜርኩሪ አብዛኛው ከበላተኛው ቆሻሻ ጋር ተመልሶ ይወጣል፤ ወደ ሴሉ ፈሳሽ የዘለቀው ግን ከበላተኛው አካል ጋር ይዋሃዳል። ተራው ሜርኩሪ በብዛት ሽፋኑ ላይ ሲቀር ከካርቦን ጋር የተጣመረው ሜቲል ሜርኩሪ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ በየደረጃው እየተከማቸ የሚሄደውም ለዚህ ነው። ዚንክንና ብረትን ግን በላተኞቹ ከፊሉን ወደ ውሃው ይመልሱታል፤ አልጌው እንደገና ይጠቀምበታል። በሐዋሳ አልጌ የሚመገበው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ሜርኩሪው አነስተኛ ነው፤ ሌሎች ዓሦችን የሚበላው ቢልጫ የተባለው ትልቅ ዓሣ ግን በኪሎግራም 0.5 ሚሊግራም ከሚለው የምግብ ገደብ ያለፈበት ጊዜ አለ። ይህን ልዩነት ዓሣ በመመዘን ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ሐይቁም በገጹ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ጥቁር ውሃ ወንዝ ያመጣው አብዛኛው እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ርዕሱን አትቀይሪ፤ አጥብቢው። አንድ የብረታ ብረት ዓይነት፣ አንድ ወቅት፣ ከተቻለ በቤተ ሙከራ ያደገ አልጌና እርሱን የሚበላ አንድ ፕሮቶዞአ ይበቃል። ከመመዝገብሽ በፊት ቤተ ሙከራውን ራስሽ ሄደሽ እዪ፦ መለኪያው ይሠራል? ጠርሙሶቹ በአሲድ ይታጠባሉ? ናሙናው ከአቧራ የሚጠበቅበት ክፍል አለ? እኔ የኖርኩት በውሃ ምርመራ ሥራ ነው፤ ንጹሕ ናሙና መያዝ የሚችል ሰው ሲፈለግ እንጂ ሲተርፍ አላየሁም። የውሃ አገልግሎቶች፣ የቢራና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ይህን ሙያ ይፈልጉታል።

እንግሊዝኛሽ ለትምህርቱ አይበቃም ብለሽ ከሰጋሽ፣ በየሳምንቱ በመጻፍ ይሻሻላል።

አጎትሽን በተመለከተ፣ በደብዳቤሽ እንዳልሽው ወጪሽን የምትሸፍነው ኩዌት የምትሠራው እህትሽ ናት። እሳቸው ያልከፈሉበትን ውሳኔ ሊወስኑ አይገባም። ለእህትሽ ግን ደመወዝ የሌለባቸው ሁለት ዓመታት እንደሚጠብቁሽ፣ ኬሚካል ከውጭ ሲዘገይም ሊረዝሙ እንደሚችሉ በግልጽ ንገሪያት። እርሷ «አልችልም» ካለች ባንኩ ገብተሽ የራስሽን ገንዘብ አጠራቅሚና ተመለሺ።