ኦኩፔሽናል ቴራፒን በዶክትሬት ለመማር ለምታስቡ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የሪሃብ (የተሃድሶ ሕክምና) ሆስፒታል የምሠራ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነኝ (በአጭሩ ኦቲ፤ ሙያውም ባለሙያውም እንዲሁ ይባላል)። ወደ ሙያው የገባሁት ኦቲዲ በሚባለው የዶክትሬት ፕሮግራም ነው። ልጆቻቸው ኮሌጅ የጨረሱላቸው ወላጆችም፣ በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) እየሠሩ ቀጣዩን የሚያስቡ እህቶችና ወንድሞችም አዘውትረው ስለሚጠይቁኝ፣ ጥያቄ ያለው ሁሉ ይጠይቅ ብያለሁ። የምመልሰው ስለ አሜሪካ ሥርዓት ነው።

ኦቲና ፊዚካል ቴራፒ አንድ አይደሉም እንዴ? እማዬን ስትሮክ ሲመታት ሁለቱም እየመጡ ያሠሯት ነበር፤ ልዩነታቸው አልገባኝም።

ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ነው የሚምታታው። እማማ አሁን እንዴት ናቸው? ፊዚካል ቴራፒስቱ በዋናነት የሚያየው እንቅስቃሴን ነው፤ መነሳት፣ መቆም፣ መራመድ፣ ደረጃ መውጣት። እኛ የምንነሳው ደግሞ "እኚህ ሰው በቀናቸው ውስጥ ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?" ከሚለው ነው። ቀኝ እጃቸው የደከመባቸው እናት እንጀራ ቆርሰው እንዲጎርሱ፣ ቀሚሳቸውን ራሳቸው እንዲለብሱ (የደከመው እጅ ነው ቀድሞ የሚገባው)፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና አፍልተው ሳይወድቁ እንዲነሱ ማድረግ የእኛ ሥራ ነው። ማስታወስና ትኩረት ሲዛባም እንሠራለን። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር፣ እጃቸው ከተጎዳ ሠራተኞች ጋር፣ በአእምሮ ጤና ክፍልም የምንሠራ አለን። ሙያው አሜሪካ ውስጥ በማኅበር ደረጃ የተመሠረተው በ1917 ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ከተመረቅኩ በኋላም በሲኤንኤነት ነው የቆየሁት። ይሄ ልምድ ለመግባት ይቆጠርልኛል?

ይቆጠርልሻል እህቴ፣ ግን በቀጥታ አይደለም። ብዙ ትምህርት ቤቶች ሥራውን እንዳየሽ ማረጋገጫ ይፈልጋሉ፤ እሱም ኦቲ አጠገብ ቆመሽ ያሳለፍሽው ሰዓት ነው። የሲኤንኤ ሰዓት እዚያ ቦታ ላይ አይገባም። የምትሠሪበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ ግን የሪሃብ ክፍል ይኖራል። በዕረፍት ቀንሽ ልከታተል ብለሽ ጠይቂ፤ ሥራሽን የሚያውቅ ቴራፒስት ብዙውን ጊዜ እሺ ይላል፣ የድጋፍ ደብዳቤም ሊጽፍልሽ ይችላል።

በማመልከቻ ጽሑፍሽ ላይ ሰው ማጠብና ማልበስ እንደምትችዪ ብቻ አትጻፊ። ጊዜ ስለሌለ አንቺ ካልሲ ያለበስሽላቸው፣ ሁለት ደቂቃ ቢሰጣቸው ግን ራሳቸው ይለብሱ የነበሩ ሰዎችን አይተሻል። ያንን ያየ አመልካች ሙያው ምን እንደሆነ ገብቶታል። እኔ ፈታኝ ብሆን የምፈልገው እሱን ነው።

ዋናው ጥያቄ፦ ማስተርስ ወይስ ዶክትሬት?

ፈቃዱ አንድ ነው። ሁለቱም ተመራቂዎች ለአንድ ዓይነት የኤንቢሲኦቲ (የሙያው ብሔራዊ የምስክር ወረቀት ሰጪ ቦርድ) ፈተና ይቀመጣሉ፤ ማለፊያው ከ300 እስከ 600 በሚዘረጋው መለኪያ 450 ነው። ሁለቱም ከስቴቱ ያንኑ ላይሰንስ ያወጣሉ፣ ያንኑ በሽተኛ ያያሉ። ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ቴራፒስቱ ዶክትሬት ስላለው ብሎ ለሕክምናው የሚጨምረው ክፍያ የለም። ስለዚህ ቀጣሪውም ለጀማሪ የሚከፍለው ደመወዝ በዲግሪው ምክንያት ብዙ አይራራቅም።

እና ለምን ዶክትሬት? ሦስተኛው ዓመት ገደማ ላይ ማስተርስ ውስጥ የሌለ ካፕስቶን የሚባል ነገር አለ፤ ከታች እመለስበታለሁ። ወደፊት ማስተማር፣ ፕሮግራም መምራት ወይም የራስህን አገልግሎት መክፈት የምታስብ ከሆነ ይጠቅምሃል። የምትኖርበት አካባቢ ያሉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ወደ ኦቲዲ ተሸጋግረው ከሆነም ቤተሰብ ጥለህ ለማስተርስ ሌላ ስቴት መሄድ የበለጠ ሊያስወጣህ ይችላል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። የሁለቱም ትምህርት ቤት ደብዳቤ እጅህ ገብቶ ማስተርሱ በጣም የሚረክስ ከሆነ ማስተርሱን ያዝ። ሠርተህ፣ ዕዳህን ከፍለህ፣ ስትፈልግ ለነባር ቴራፒስቶች የተዘጋጀውን ዶክትሬት እየሠራህ ትማረዋለህ።

ከ2027 ጀምሮ ዶክትሬት ግዴታ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

አይደለም፤ ወሬው ግን ከመሬት አልተነሳም። የኦቲ ትምህርት ቤቶችን የሚያጸድቀው አካል፣ ኤኮቲ፣ በ2017 ከጁላይ 2027 ጀምሮ መግቢያው ዶክትሬት ብቻ እንዲሆን ወስኖ ነበር። ከሙያው ውስጥ ተቃውሞ ተነሳ፣ ውሳኔው እንዲቆም ተደረገ። በ2019 የሙያ ማኅበሩ የተወካዮች ጉባኤ ሁለቱም መግቢያዎች እንዲቀጥሉ ደገፈ። ዛሬም ሁለቱም ክፍት ናቸው። ፊዚካል ቴራፒ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ዶክትሬት ስለተሻገረ ሰው ሁለቱን ይቀላቅላቸዋል።

ስንት ዓመት ነው? እየሠራሁ መማር እችላለሁ? አገር ቤት የምረዳው ሰው አለኝ።

ባችለር ካለህ ኦቲዲ ሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ ክረምቱንም ጨምሮ። ማስተርስ ከሁለት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ይወስዳል።

ሥራን በተመለከተ ክፍሉን ብቻ አስበህ አትወስን። የመጀመሪያው ዓመት አናቶሚውና ኒውሮሳይንሱ ከባድ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ እየሠሩ የተወጡት ግን አሉ። የሚከብደው ፊልድዎርክ፣ ማለትም በሕክምና ቦታ የሚሠራው ልምምድ ነው። ሌቭል ቱ የሚባለው ቢያንስ 24 ሳምንት ነው፣ ሙሉ ቀን፣ በአብዛኛው ክፍያ የለውም። ኦቲዲ ከሆነ ካፕስቶኑ ሌላ 14 ሳምንት ይጨምራል፤ 560 ሰዓት ማለት ነው። ሲደመር 38 ሳምንት ገቢ የለህም ማለት ነው፤ ያውም የምትመደብበት ሆስፒታል ከቤትህ ሩቅ ሊሆን ይችላል። ወደ አገር ቤት የምትልከው ገንዘብ ካለ፣ ከመጀመርህ በፊት ወንድምና እህት ተሰብስባችሁ እነዚያን ወራት ማን እንደሚሸፍን ተነጋገሩ። ጎበዝ ተማሪ ሆኖ በዚህ ምክንያት የተንገላታ አይቻለሁ።

ክፍያውስ? ብድሩ ያስፈራኛል።

መፍራትሽ ተገቢ ነው። ብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የኦቲዲ ትምህርት ክፍያ ብቻውን በጠቅላላ ከ100,000 ዶላር ያልፋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በስቴቱ ነዋሪነት ከገባሽ በጣም ይቀንሳል።

የብድሩ ደንብ ተቀይሯል፤ የድሮ ምክር አትስሙ። በጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ሕግ ግራድ ፕላስ የሚባለውን የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ዘግቷል። ከዚያ በኋላ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በዓመት እስከ 20,500፣ በጠቅላላ እስከ 100,000 ዶላር ነው የሚበደረው። ሕጉ "ፕሮፌሽናል" ለሚላቸው ዲግሪዎች ጣሪያው በዓመት 50,000፣ በጠቅላላ 200,000 ነው። የትምህርት ቤቱን የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ "የእናንተ ኦቲዲ በየትኛው ጣሪያ ሥር ነው?" ብለሽ ጠይቂና መልሱን በኢሜይል ተቀበዪ። በ20,500 ከሆነ ሦስት ዓመት ተደምሮ 61,500 ነው። ቀሪው ከግል ባንክ ይመጣል፤ ባንኩ ደግሞ ፈራሚ ይጠይቃል፤ ፈራሚው ብዙ ጊዜ ታክሲ የሚነዳ አባት ወይም አጎት ነው። እሱ ፊርማ ቤተሰቡን በሙሉ ዕዳ ውስጥ ያስገባል።

ከሌላው ጎን፦ የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ የኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ በሜይ 2023 96,370 ዶላር እንደነበር አውጥቷል። ጥሩ ደመወዝ ነው። ዕዳው ከአንድ ዓመት ደመወዝ በብዙ የሚያልፍ ከሆነ ግን እኔ ሌላ ትምህርት ቤት እንድትፈልጊ እመክርሻለሁ።

ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። ከመጀመሪያ መጀመር አለብኝ?

የለብህም። ባችለሩ በየትኛውም ዘርፍ ሊሆን ይችላል። ትራንስክሪፕትህን እንደ ደብልዩኢኤስ ባለ፣ የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ በሚገመግም ድርጅት በእያንዳንዱ ኮርስ አስገምግም። ከዚያ የሚጎድሉህን ኮርሶች ኮሚኒቲ ኮሌጅ ውሰድ፤ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት፣ ስታቲስቲክስ፣ የሰው ልጅ ዕድገት፣ አብኖርማል ሳይኮሎጂ፣ አንድ የሶሲዮሎጂ ወይም አንትሮፖሎጂ ኮርስ። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። አናቶሚውን ሙሉ ጊዜ እየሠራህ ከሌላ ከባድ ኮርስ ጋር አትደርበው፤ ጂፒኤህን የሚያነሳውም የሚጥለውም እሱ ነው። ብዙዎቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት ኦቲካስ በሚባለው አንድ ማዕከላዊ መስመር ነው።

ልጄ ይህንን ልትማር ነው። ዶክተር ትባላለች ግን ሐኪም አይደለችም ይሉኛል። ጊዜዋን እያባከነች ነው?

ጋሼ፣ አላባከነችም። ዲግሪዋ የክሊኒክ ዶክትሬት ነው፤ መድኃኒት አታዝም፣ ቀዶ ጥገና አትሠራም። ሐኪሙ ሕይወት ካተረፈ በኋላ ግን ሰውየው ወደ ቤቱ ሲመለስ ሽንት ቤት ብቻውን መግባት ይችላል ወይ፣ ምድጃ ሲለኩስ ራሱን አያቃጥልም ወይ የሚለውን የምትመረምረው እርሷ ናት። ሐኪሙም ሰውየውን ወደ ቤቱ ለመላክ ሲወስን የእርሷን አስተያየት ይሰማል። በሆስፒታል ኮሪደር አማርኛ ብቻ የሚናገሩ አባት ተኝተው ልጅዎ ስትገባ የሚሆነውን ቢያዩ ኩራትዎ ሙሉ ይሆናል።

ካፕስቶን ምንድነው? ጥናት መጻፍ ነው?

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ኮርሱና ፊልድዎርኩ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው። ተማሪው አንድ አቅጣጫ ይመርጣል፤ ክሊኒካዊ ክህሎት፣ ምርምር፣ አስተዳደር፣ ፕሮግራም መቅረጽ፣ ማስተማር፣ ለመብት መሟገት። ከዚያ መካሪ ይዞ ቦታው ላይ 14 ሳምንት ይሠራል፤ በመጨረሻ ሌላው ሰው የሚጠቀምበት ነገር ያስረክባል።

እኔ የመረጥኩት ከስትሮክ በኋላ ወደ ቤት የሚመለሱ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችን ነበር። በእኛ ቤት እናት ስትታመም ልጆች በፍቅር ይከቧታል፤ ማንኪያውን ከእጇ ይቀበሏታል፣ ያጎርሷታል፣ "አንቺ አርፈሽ ቁጭ በይ" ይሏታል። ቴራፒስቱ ያስተማራት ሁሉ በሁለት ሳምንት ይረሳል፣ ያልተሠራበት እጅም ይበልጥ ይደክማል። "እናታችሁን አታጉርሱ" ብሎ ፈረንጅ ቴራፒስት ሲናገር ቤተሰቡ ጭካኔ አድርጎ ይወስደዋል። እኔ ያዘጋጀሁት የቤት መመሪያ ጉርሻውን አልከለከለም፦ የመጀመሪያውን ጉርሻ ልጅ ያጉርስ፣ ቀጣዮቹን እናት በራሷ እጅ፣ የትሪው ጠርዝ ከፍ ብሎ፣ ወጡ ጠበቅ ብሎ፣ ክርኗ ጠረጴዛ ላይ አርፎ። ቤተሰቦች የተቀበሉት ልማዳቸውን ስላልነካባቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ካፕስቶኑ ዋጋ የሚኖረው እንዲህ ዓይነት የራስህ ጥያቄ ይዘህ ስትገባ ነው። ጥያቄ ሳይኖርህ ከገባህ ትምህርት ቤቱ ያገኘልህን ነገር ሠርተህ ትወጣለህ፤ ያኔ ተጨማሪው ክፍያ ይቆጭሃል።

አዲስ አበባ ነኝ። በተማሪ ቪዛ መጥቼ ተምሬ እዚያው መሥራት እችላለሁ?

መማር ይቻላል፤ የፌዴራል ብድር ግን ለተማሪ ቪዛ የለም። ከምረቃ በኋላ አንድ ዓመት የሥራ ፈቃድ አለ፤ ከዚያ የሚደግፍ ቀጣሪ ያስፈልጋል። ነርሶችና ፊዚካል ቴራፒስቶች ለግሪን ካርድ ሼድዩል ኤ በሚባለው አጭር መንገድ ያልፋሉ፤ ኦቲ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ቀጣሪው ረጅሙን የሠራተኛ ማረጋገጫ ሂደት መሄድ አለበት። ይህን ሳያውቁ ቤት ሽጠው የሚመጡ እንዳይኖሩ በግልጽ እናገራለሁ።

ለሙያው ብቻ ከሆነ ፍቅርህ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ኦኩፔሽናል ቴራፒን አገር ቤት ማስተማር ጀምሯል። መጀመሪያ እሱን ጠይቅ።

እስራኤል በኦቲ ባችለር አለኝ፤ ቨርጂኒያ ልዘዋወር ነው። ኦቲዲ ልጀምር?

አትጀምሪ። ወደ ሙያው የሚያስገባው ዶክትሬት ገና ቴራፒስት ላልሆነ ሰው ነው። ለአንቺ ኤንቢሲኦቲ የውጭ ምሩቃንን ብቁነት የሚመረምርበት ኦቲኢዲ የሚባል ሂደት አለው። ሰነዶችሽን ከዩኒቨርሲቲሽ ሳትርቂ አሁኑኑ ሰብስቢ፤ የኮርስ ዝርዝርና የልምምድ ሰዓት ከሩቅ ማስላክ ወራት ይፈጃል።

ኢንተርቪው ተጠርቻለሁ። እኔስ ምን ልጠይቃቸው?

እንኳን ደስ አለሽ! መጀመሪያ የኤኮቲ ዕውቅናቸው የት ደረጃ ላይ እንደሆነ ጠይቂ። አዲስ ፕሮግራም ዕጩ እያለ ተማሪ መቀበል ይፈቀድለታል፤ ሙሉ ዕውቅና ካላገኘ ፕሮግራም የወጣ ተመራቂ ግን ለፈተናው አይቀመጥም። ከዚያ ከገቡት ስንቱ እንደሚመረቁና ስንቱ ፈተናውን እንደሚያልፉ ጠይቂ፤ የማለፊያ ውጤቱን ኤንቢሲኦቲም በየትምህርት ቤቱ ስለሚያወጣ ቀድመሽ አይተሽ ሂጂ። የፊልድዎርክ ቦታ የሚፈልገው ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ ተማሪው? ስንት ማይል ድረስ ይልካሉ? አምና የተመረቁት ካፕስቶናቸውን የት ሠሩ? የመጨረሻውን ሲመልሱ ዝርዝር ምሳሌ ካላመጡ፣ ከኢንተርቪው በኋላ አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንዲያገናኙሽ ለምኚና እሱን ለብቻው አነጋግሪው።