የተዘጋ የቆሻሻ ማስተላለፊያ ጣቢያ ምን ይሁን ስትባሉ

ውድ ወጣት መሐንዲሶችና የከተማ ፕላን ባለሙያዎች፣

አንድ ቀን አለቃችሁ ጠርቶ «ይሄ የቆሻሻ ማስተላለፊያ ጣቢያ ተዘግቷል፤ ምን ብናደርገው ይሻላል?» ይላችኋል። ከየሰፈሩ የተሰበሰበ ቆሻሻ ተራግፎ፣ በትልቅ ማጓጓዣ ተጭኖ ሩቅ የሚላክበትን ቦታ ማለቱ ነው። ወዲያው ፓርክ፣ ገበያ፣ የስፖርት አዳራሽ መሳል ያምራችኋል። እባካችሁ እርሳሱን ትንሽ አቆዩት። ቀድማችሁ ጣቢያው ይሠራው የነበረው ሥራ የት እንደሄደ ጠይቁ።

ይህን የማስቀድምበትን ምክንያት የኒውዮርክ ታሪክ ያሳያል። (የኒውዮርኩን ዓመት በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ከተማዋ በወንዞቿ ዳር የተሠሩ ጣቢያዎች ነበሯት። የጽዳት መኪናው በተዳፋቱ ወጥቶ ከላይ ይገለብጣል፤ ከሥር ውሃው ላይ የቆመ ጠፍጣፋ ጀልባ ይቀበላል። ጀልባው ሲሞላ ስታተን አይላንድ ወዳለው ፍሬሽ ኪልስ የቆሻሻ መድፊያ ይጎተታል። ፍሬሽ ኪልስ በ1948 ሲከፈት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ተብሎ ነበር። ከ50 ዓመት በላይ ቆየ። በማርች 2001 ሲዘጋ ጀልባዎቹ መሄጃ አጡ፤ የወንዝ ዳር ጣቢያዎቹም ሥራቸው ቆመ።

ቆሻሻው ግን መች ይቆማል! በመኪና ሆነ። ወደ ሳውዝ ብሮንክስ፣ ወደ ሰሜን ብሩክሊንና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ኩዊንስ የግል ጣቢያዎች ጎረፈ። ከዚያ ደግሞ በከባድ መኪና ወደ ሌሎች ክፍላተ ግዛት። የግል ጣቢያዎቹ ያሉባቸው በአብዛኛው የጥቁሮች፣ የላቲኖችና የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች ሰፈሮች ናቸው። የናፍጣውን ጭስ የተነፈሱት፣ ቀድሞም በአስም የሚሰቃዩ ልጆች ናቸው። አንዱ ሰፈር «ተገላገልን» ሲል ሌላው ተሸከመ።

ከተማዋ በ2006 ዕቅዷ ወደ ውሃው ተመለሰች። አራት ጣቢያዎች በአዲስ መልክ እንዲሠሩ ተወሰነ፤ ቆሻሻው በተዘጋ ኮንቴይነር ታሽጎ በጀልባ ይወጣል። ከአራቱ አንዱ ማንሃተን ውስጥ፣ ምሥራቅ 91ኛ መንገድ ላይ፣ ሀብታም ሰፈር ነው። ነዋሪው ለዓመታት ተሟገተ። በ2019 ተከፈተ። እስቲ አስቡት፤ ያ ቦታ በተዘጋ ማግስት ለአፓርታማ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ ከተማዋ ሌላ የወንዝ ዳር መሬት ከየት ታመጣ ነበር? ስለዚህ «ለቆሻሻ ሥራ ይጠበቅ» የሚለው አማራጭ በጥናታችሁ ውስጥ ከልብ ይመዘን። ማንም አያጨበጭብለትም። ግን ይመዘን።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ አይርቅም። የሰንዳፋው መድፊያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በዚያው ዓመት በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ቆመ። ገበሬዎቹ ቅሬታቸው ከምር ነበር። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ግን ተመልሶ ቆሼ ላይ ተከመረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከመናዱ ጀርባ ያለው ምክንያት ብዙ ነው፤ የቆየ ክምርም ነው። እኔ የምለው፣ አንድ በር ሲዘጋ የትኛው በር እንደሚከፈት ቀድሞ ይታወቅ።

አሁን ወደ ሕንፃው እንግባ። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ጣቢያ ጥሩ ነገር አለው፦ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ መሐሉ ላይ ምሰሶ አይበዛም፤ በሩ ከባድ መኪና ያስገባል። ሰው ይህን አይቶ ይጓጓል። እናንተ ግን ወደ ወለሉ ውረዱ። የቆሻሻ ፍሳሽ አሲድ አለው፤ ሲሚንቶውን እየበላ ፌሮው ጋ ይደርሳል። ፌሮው ሲዝግ ያብጥና ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ከላይ ታጥቦ የጸዳ ወለል አያታልላችሁ። ናሙና አስቆርጡና አዲስ የተሰበረው ገጽ ላይ ፊኖልፍታሊን የሚባለውን ቀለም የሚቀይር ኬሚካል ርጩበት። ደህናው ኮንክሪት ደማቅ ሮዝ ይሆናል፤ የተጎዳው እንዳለ ይቀራል። ሮዙ ከየት እንደሚጀምር በሚሊሜትር ለኩ። ያቺ ልኬት ከመቶ ገጽ የሕንፃ ሥዕል ትበልጣለች።

ውሃ ላይ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ጠላቂ ላኩ። ኒውዮርክ ወደብ አካባቢ የሆነው ይገርማል። በ1972 የንጹሕ ውሃ ሕግ ከወጣ በኋላ ውሃው እየጠራ ሄደ፤ ኦክስጅኑ ሲመለስ እንጨት የሚበሉ የባሕር ትሎችም ተመለሱ። ውሃው እጅግ በቆሸሸበት ዘመን እነሱም መኖር አልቻሉም ነበር። አሁን ግንባታውን ውሃ ውስጥ ቆመው የሚሸከሙትን የድሮ የእንጨት ምሰሶዎች ይቦረቡራሉ። አንዳንዱ እንጨት ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። እዚህ ላይ አዳራሽ ሠርታችሁ ሁለት መቶ ሕፃን ልታስገቡ ነው? መጀመሪያ ይመርመር።

አፈሩንም እንዲሁ፤ ነዳጅና እርሳስ (መርዛማው ብረት) ይፈለግበት። የድሮ ሕንፃ ከሆነ አስቤስቶስም እንዳይዘነጋ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው «ምን ይሁን?» የሚባለው። መጀመሪያ መናገር ያለበት ሽታውን ሲምግ የኖረው ጎረቤት ነው። ማንሃተን ውስጥ ያለውን ምዕራብ ሃርለምን ተመልከቱ። 135ኛ መንገድ ላይ የቆሻሻ ጣቢያ ነበረ። ከጎኑ ደግሞ በ1986 ሥራ የጀመረ የፍሳሽ ማጣሪያ አለ። የማጣሪያው ሽታ ሰዉን አስመርሮ ነዋሪዎች ተደራጁ፤ ከተማዋን ከሰሱ፤ በስምምነት 1.1 ሚሊዮን ዶላር የአካባቢ ፈንድ አስገኙ። ማጣሪያው ጣሪያ ላይ በ1993 ሪቨርባንክ ፓርክ ተከፈተ፤ መዋኛው፣ የበረዶ መንሸራተቻው፣ ሜዳው ሁሉ እዚያ ነው። ጣቢያው ግን በ2006ቱ ዕቅድ ከሚከፈቱት ውስጥ አልገባም። ትንሽ ወደ ደቡብ፣ የመኪና ማቆሚያ የነበረው የወንዝ ዳር ደግሞ በ2009 የሕዝብ ፓርክ ሆነ። እንዲህ ያለ ሰፈር ስትሄዱ የተሳለ ነገር ይዛችሁ አትሂዱ። ባዶ ካርታ ይዛችሁ ሂዱ፤ መኪኖቹ በየት በየት ይገቡ እንደነበር ነዋሪዎቹ ያሳዩዋችሁ። አዲስ አበባ ከሆነ ቁራሌዎችንና ለቃሚዎችንም አስቀምጡና ጠይቁ። ቦታው ሲዘጋ እንጀራቸው አብሮ ተዘግቷልና፣ አዲሱ አማራጭ ውስጥ ሥራ ይኑራቸው።

መጨረሻ ላይ ስለ ገንዘብ። ግንባታ ገንዘብ ያገኛል፤ ሪባንም ይቆረጥለታል። ጥገና ነው የሚረሳው። ለእያንዳንዱ አማራጭ ትይዩ የዓመት ጥገናውን ወጪና የሚከፍለውን መሥሪያ ቤት ስም ጻፉ። የሚከፍለው ካልታወቀ «ከፋይ የለውም» ብላችሁ ጻፉ፤ አለቃችሁ ደስ ባይለውም።