ጥያቄና መልስ፦ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ዞሮ መመለስ

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ልንሄድ ነው። በሄድንበት ሳንመለስ ዞረን የምንወጣበት ቀላል መንገድ አለ? እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ የ8 ዓመት ልጅም ይዘናል።

መልስ፦ አለ፤ እያረፉ ቢሄዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ጢስ ዓባይ ከተማ (ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው) ሲደርሱ መጀመሪያ ትኬት ይቁረጡ። እዚያው ጀልባው ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ዙሩ የሚገጥመው በእሱ ነው።

ከከተማው ወጥተው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደተሠራው የድንጋይ ድልድይ ይወርዳሉ። ከድልድዩ ማዶ ያለው ዳገት የመንገዱ ከባዱ ክፍል ነው። ከላይ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይታያል። ቀጥሎ በአላታ ወንዝ ላይ ያለውን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሻግረው ወደ ፏፏቴው ግርጌ ይቀርባሉ፤ ከዚያ ከፏፏቴው በላይ ዓባይን በጀልባ ተሻግረው ወደ ከተማው ይመለሳሉ።

እናትዎ ዳገቱን ባይሞክሩት ይሻላል። በጀልባው በኩል ሄደው ማዶ ይጠብቋችሁ፤ ያኛው ወገን ለጉልበት ይቀላል። የጀልባውን ሂሳብ ሳይሳፈሩ ይነጋገሩ።

ወቅቱስ? አብዛኛው ውኃ ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል። ነሐሴና መስከረም ያምራል፤ ግን ወንዙ ሲሞላ ጀልባው ይቆማል፣ ጭቃውም ያንሸራትታል። ለእናንተ ጥቅምት ይመረጣል። ሶሉ ያለቀ ጫማ አይሆንም፤ ልጁንም ከገደሉ አፋፍ እጁን ሳይለቁ ይያዙት።