«ከ100 ሰው 30ው» ወይስ «ከ100 ሟች 30ው»?

ጥያቄ፦ አገሮችን በዕድገት ደረጃቸውና በሞት መንስኤ መድቤ ሪፖርት ጻፍኩ። «በበለጸጉ አገሮች ከ100 ሰው 30ው በልብ ሕመም ይሞታል፤ በድሆቹ 20ው ብቻ» ያልኩትን አርታኢው ሰረዘው። «ተላላፊ በሽታዎች» እና «የአካል ጉዳት» የሚሉትን የሠንጠረዥ ርእሶችም አልተቀበለም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አርታኢው ልክ ነው። «ከ100 ሰው» ሲባል አንባቢ የሚያስበው በሕይወት ያለውን ነዋሪ ነው፤ የእርስዎ አኃዝ ግን የወጣው ከሟቾች ነው። ከሟቾች መካከል ስንቱ በልብ ሕመም እንደሞተ የሚነግረን የሞት ድርሻ ነው። ከነዋሪው መካከል በዓመት ስንቱ እንደሞተ የሚነግረን ደግሞ የሞት ምጣኔ። ሁለቱ ሲምታቱ ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት ይሆናል።

እያንዳንዳቸው 100,000 ነዋሪ ያላቸው ሁለት አገሮች አሉ እንበል። በአንደኛው በዓመት 1,000 ሰው ይሞታል፤ 300ው በልብ ሕመም። ድርሻው 30 በመቶ ነው። በሌላው 1,500 ሰው ይሞታል፤ በልብ ሕመም የሞተው አሁንም 300 ነው። ድርሻው 20 በመቶ ሆነ፤ ምጣኔው ግን በሁለቱም ከ100,000 ነዋሪ 300 ነው። በሁለተኛው አገር ሌላው ሞት በዛ እንጂ የልብ ሕመም አልቀነሰም። ስለዚህ ከ«ከ» ቀጥሎ የሚመጣውን ስም፣ «ሟች» ወይም «ነዋሪ» ብለው፣ ምንጊዜም ይጻፉ።

ምጣኔም ቢሆን በደፈናው አይነጻጸርም፤ የበለጸጉት አገሮች ሕዝብ በዕድሜ የገፋ ነውና። ለንጽጽር የሚሆነው በዕድሜ የተስተካከለ የሞት ምጣኔ ነው፤ ይህም የአገሮቹ ሕዝብ የዕድሜ ስብጥር አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ የሚገኘው ምጣኔ ማለት ነው። በዚህ ሲለካ በልብና በደም ሥር በሽታ የሚደርሰው ሞት የሚከፋው ገቢያቸው ከፍ ባሉት ሳይሆን ዝቅ ባሉት አገሮች ነው።

ወደ ሠንጠረዡ ስንመጣ፣ የዓለም ጤና ድርጅት መንስኤዎችን በሦስት ይመድባል። የመጀመሪያው ምድብ ከተላላፊ በሽታዎች ሌላ በእርግዝናና በወሊድ የሚደርሰውን የእናቶች ሞት፣ የጨቅላ ሕፃናትን ሞትና የምግብ እጥረትንም ይይዛል። «ተላላፊ» ብቻ ካሉት በወሊድ ላይ የሞተችው እናት ቦታ ታጣለች፤ ይህ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ርእሱ ቢረዝምም «ተላላፊ በሽታዎች፣ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሞት፣ የምግብ እጥረት» ይበሉ። ሁለተኛው ምድብ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ነው። ሦስተኛውን «የአካል ጉዳት» ማለት አያስኬድም፤ አንባቢ አካል ጉዳተኝነትን ይረዳበታልና። «አደጋ» ብቻ ማለትም ግድያንና ራስን ማጥፋትን ይተዋል። «አደጋ፣ ጥቃትና ራስን ማጥፋት» ይሻላል።

አገሮቹን «የበለጸጉ» እና «ድሆች» ከማለት የዓለም ባንክን አከፋፈል ይከተሉ፦ በነፍስ ወከፍ ገቢ ዝቅተኛ፣ ዝቅተኛ መካከለኛ፣ ከፍተኛ መካከለኛና ከፍተኛ። ምድቡ በየዓመቱ ስለሚከለስ ዓመቱን ይግለጹ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሳንባ ካንሰር የሞት መንስኤ ነው፤ ማጨስ ግን አጋላጭ ሁኔታ፣ ማለትም በበሽታው የመያዝን ዕድል የሚጨምር ነገር ነው። በመንስኤዎቹ ሠንጠረዥ ውስጥ «ሲጋራ» የሚል ረድፍ ካለ አውጥተው ለብቻው ያስቀምጡት።