ንጉሡ መሄጃ አጥቶ ሳለ ጨዋታው ለምን አቻ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ቼዝ መጫወት ከጀመርሁ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። በቅርቡ በተጫወትሁት አንድ ጨዋታ ለተጋጣሚዬ ንጉሡ ብቻ ሲቀርለት፣ እኔ ንጉሤና ንግሥቴ ነበሩኝ። ንጉሡን ማዕዘን አስይዤ አንድም መሄጃ ሳሳጣው ያሸነፍሁ መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን «ስቴልሜት ነው፤ አቻ ወጥተናል» አለኝ። መሄጃ ያጣ ንጉሥ እንዴት አልተሸነፈም ይባላል?

መልስ፦ ተጋጣሚዎ የነገሩዎት ትክክል ነው። ቼክሜት የሚባለው ንጉሡ ቼክ ተብሎ (ማለትም በተጋጣሚ ጠጠር ጥቃት ሥር ወድቆ) ሳለ በመሸሽም፣ በመጋረድም፣ አጥቂውን በመብላትም ማምለጥ ሳይችል ሲቀር ነው። ስቴልሜት ግን ተራው የደረሰው ተጫዋች፣ ንጉሡ ቼክ ሳይባል፣ በንጉሡም ሆነ በሌላ ጠጠር አንድም ሕጋዊ እርምጃ ሲያጣ የሚፈጠር ነው። በቼዝ ተራን ማለፍ አይፈቀድም፤ ንጉሥን አስቦ ለጥቃት ማጋለጥም አይቻልም። ስለዚህ ጨዋታው የሚቀጥልበት መንገድ የለም፤ ንጉሡም አልተያዘም።

ቅሬታዎ መሠረት የሌለው አይደለም። በእንግሊዝ አገር እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ድረስ ተጋጣሚውን ስቴልሜት ያደረገው ሰው ራሱ እንደ ተሸናፊ ይቆጠር ነበር፤ አቻ የሚለው ደንብ የጸናው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የዛሬው ደንብ የተሻለ ነው እላለሁ፤ ብዙ ጠጠር የያዘ ተጫዋች እስከ መጨረሻው እንዲጠነቀቅ፣ ተስፋው የመነመነም እስከ መጨረሻው እንዲያስብ ያደርጋል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱበትን አቀማመጥ እንመልከት (ፊደሉ ከነጩ ተጫዋች ግራ ወደ ቀኝ ከኤ እስከ ኤች ያለውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ከነጩ ወገን ጀምሮ ከ1 እስከ 8 ያለውን ረድፍ ያመለክታል)። የጥቁሩ ንጉሥ ኤች 8 ላይ ቆሞ፣ ነጯ ንግሥት ጂ 6 ላይ ብታርፍ፣ ጂ 7ን፣ ጂ 8ንና ኤች 7ን ትዘጋለች፤ ኤች 8ን ራሱን ግን አትነካም። ተራው የጥቁሩ ከሆነ ስቴልሜት ነው። ንግሥቲቱ ማዕዘን ከገባ ንጉሥ በፈረስ ዝላይ ርቀት (ሁለት ቤት ቀጥታ፣ አንድ ቤት ወደ ጎን) ላይ ስትቆም ሁልጊዜ ይህን አደጋ ይፍሩ። በዚህ ፈንታ ኢ 7 ላይ ብትቆም ንጉሡ በጂ 8 እና በኤች 8 መካከል ብቻ ይመላለሳል፤ የእርስዎ ንጉሥ በዚያ ጊዜ ተረጋግቶ እስከ ጂ 6 ይመጣል፤ ከዚያም ንግሥቲቱ ጂ 7 ላይ በንጉሥዋ ተጠብቃ ቼክሜት ትላለች። መጣደፍ አያስፈልግም፤ ወታደር ሳይንቀሳቀስ፣ ጠጠርም ሳይበላ የሚያልፉት እርምጃዎች ለእያንዳንዱ ተጫዋች 50 እስኪሞሉ ድረስ አቻ መጠየቅ አይቻልም፤ ይህ ፍጻሜ ደግሞ በትክክል ከተጫወቱት ቢበዛ 10 እርምጃ ነው የሚፈልገው።

አንድ ወታደር ብቻ ሲቀር ጉዳዩ ይረቃል። ነጩ ንጉሥ ዲ 6፣ ወታደሩ ኢ 6፣ የጥቁሩ ንጉሥ ኢ 8 ላይ ቢሆኑና ተራው የነጩ ቢሆን፣ ወታደሩ ቼክ ሳይል ወደ ኢ 7 ይገፋል፤ ጥቁሩም ወደ ኤፍ 7 ከመውጣት በቀር ምርጫ ስለሌለው፣ ነጩ ንጉሥ ዲ 7 ገብቶ ወታደሩን ያነግሣል፤ ማለትም መጨረሻው ረድፍ አድርሶ ወደ ንግሥት ይለውጠዋል። ተራው የጥቁሩ ቢሆን ግን ንጉሡ ወደ ዲ 8 ይሄዳል፤ ወታደሩ ኢ 7 ሲደርስ ቼክ ይላል፤ ጥቁሩ ወደ ኢ 8 ይመለሳል፤ ነጩም ወይ ወታደሩን ይጥላል፣ ወይ በኢ 6 ጠብቆት ስቴልሜት ያደርጋል። ልዩነቱን ሁሉ የፈጠረው ተራ ብቻ ነው።

ስቴልሜትን ለማምለጥ አንዳንዴ ወታደሩ መጨረሻው ረድፍ ሲደርስ ከንግሥት ያነሰ ጠጠር መምረጥ ይገባል። በ1895 ፈርናንዶ ሳቬድራ የተባሉ ስፔናዊ ካህን በአንድ የታወቀ አቀማመጥ ላይ ያገኙት መልስ ይህ ነበር፤ ወታደሩ ንግሥት ቢሆን ጥቁሩ ሩኩን (ግንቡን) በግድ አስበልቶ ስቴልሜት ውስጥ ይገባ ነበር፤ ሩክ ሲሆን ግን ነጩ ያሸንፋል።